ቀዩ፣ ግራጫውና የመድረሻው ድንጋይ

ጨፌ ሚካኤል፣ ከሞላሌ በላይ
ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ በሰው አገር ለሚገኘው ለልጅ ልጄ ለይሥሐቅ፤

የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ባለፈው ቅዳሜ፣ ፀሐይ ወደ ቆላው ስታዘቀዝቅ፣ የቤታችን አውራ ዶሮ ማንንም ሳያስፈቅድ አጥር ተሻግሮ በጎረቤታችን በፈንታ ጣሪያ ላይ አድሯል። ሽማግሌ ተልኮበታል። ዶሮው እስካሁን አቋሙን አልለወጠም። ከዚህ የከበደ ወሬ የለንም፤ አንተ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ የሚካኤል ጥበቃ አልተለየንም። ገብሱ አጎንብሷል፣ በጎቹ ፀጉራቸው ሞልቷል፣ ውርጩ ግን ዘንድሮ ቀድሞ መጣ።

ይህን የምትጽፈው እህትህ ትርሲት ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፤ ያልወደደችውን እየዘለለች እንደሆነ እጠረጥራለሁ። ድሮ በራሴ እጅ እንደምጽፍልህ ታውቃለህ። አሁን የግራ ዓይኔን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ ቀኙም ወንድሙን ተከተለ። ደብረ ብርሃን ያለው ሐኪም «ይገፈፋል፣ ግን ተራዎ ከፋሲካ በኋላ ነው» ብሎኛል።

መምሬ ኃይለ ኢየሱስ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠሩኝ። «አያ ወልደ ጻድቅ፣ ለጥምቀት ድንጋዩ ጋ ማን ሊቆም ነው?» አሉኝ። «እኔ ነኛ!» አልኳቸው። ራቅ ብለው ቆሙና «እስቲ እጄን ምን እያደረግሁ ነው?» አሉ። «እየባረኩኝ» አልኳቸው። ለካ ጆሯቸውን እያከኩ ነበር።

ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። በጥምቀት ማግስት፣ ሚካኤል ወደ መንበሩ ከተመለሰ በኋላ፣ ፈረሶቹ ከጅረቱ ማዶ ተነሥተው እስከ ድንጋዩ ይጋልባሉ። ድንጋዩ ጋ የሚቆመው ዳኛ ከእኛ ቤት ነው። አያቴ ቆመውበታል፣ አባቴ ቆመውበታል፣ እኔም ጢሜ ሳይሸብት ጀምሬ ቆሜበታለሁ። ዳኛው ጀርባውን ለመነሻው ይሰጣል። ማን አፈትልኮ እንደወጣ፣ ማን ወደኋላ እንደቀረ ማየት አይፈቀድለትም። ኮቴው ሲቀርብ ብቻ ይዞርና ድንጋዩን ቀድሞ ያለፈውን ፈረስ በስሙ ይጠራል። አንዴ የተጠራ አይመለስም።

አሁን ፈንታ «ከእናንተ ቤት የሚያይ ሰው ከሌለ ድንጋዩ ወደ እኔ ይምጣ» እያለ ነው። በሕጉም ቢሆን ከቤታችን የሚቆም ከታጣ ወደ ቀጣዩ ቤት ያልፋል፤ አንዴ ካለፈ ደግሞ አይመለስም። ከቤታችን ወንዶች የቀረኸው አንተ ነህ። እኔ ና አላልኩህም፤ ወሬ ነው የነገርኩህ።

የምትልክልኝ ነገር ካሰብክ ጥቁር መነጽር ላክልኝ። ካላየሁ አይቀር የከተማ ሰው ልምሰል።

አምላከ ሚካኤል ከክፉ ይሰውርህ።
አያትህ ወልደ ጻድቅ


ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከጀርመን አገር

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለአባባ፤

እንደምን ከርመዋል? እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ። ትርሲትን በጣም ሳሙልኝ። ደብዳቤዎ ሳይዘገይ ነበር የደረሰኝ፤ የዘገየሁት እኔ ነኝ። ምን ብዬ እንደምጽፍ ሳስብ ሰነበትኩ።

የሆነውን ልንገርዎት። የምሠራበት ጋራዥ ባለቤት ሁለት የስፖርት መኪኖች ሊሸጥ ነው፤ «ለሌላ ሰው ከማሳየቴ በፊት አንዱን ምረጥ» አለኝ። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ የሰው መኪና ጎማ ስፈታና ስገጥም ነው የኖርኩት። የራሴ የሆነ፣ ሰው ዞሮ የሚያየው መኪና ኖሮኝ አያውቅም።

አንደኛው ቀይ ነው፤ በኤሌክትሪክ የሚሄድ። ማርሽ የለውም፣ ድምፅ የለውም። ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ፍጥነት እስኪይዝ ሦስት ሰከንድ ተኩል ነው የሚፈጅበት። አባባ፣ ይህን በወረቀት ማስረዳት አይቻልም! እግር ሲረግጥ ጭንቅላት ከመቀመጫው ጋር ይጣበቃል፤ ሆድ ወደኋላ ይቀራል። ሁለተኛው ግራጫ ነው፤ የቤንዚን። ሲነሣ ጎማው ትንሽ ይንሸራተታል፣ ማርሽ ይቀይራል፣ ትንፋሹን ይሰበስባል። እዚያው መቶ ላይ ሲደርስ ቀዩ አንድ ሰከንድ ያህል ቀድሞታል። ከመቶ ስድሳ በላይ ግን ሌላ መኪና ይሆናል። ቀዩ መድከም ሲጀምር ግራጫው ገና ይጨምራል። መንገዱ ቀጥ ያለና ረዥም ከሆነ ይደርስበታል ይላሉ።

የትኛውን ልያዝ? ቀኑን ሙሉ አወዳድሬ፣ ማታ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። በፈረስ ብዙ የፈረዱት እርስዎ ስለሆኑ ነው የምጠይቅዎት።

አንድ ነገር ግን አልደብቅዎትም። መኪናውን ከገዛሁ ለጥምቀት መምጣት አልችልም። ገንዘቤ ለሁለቱም አይበቃም። ገና አልወሰንኩም።

ልጅዎ ይሥሐቅ


ጨፌ ሚካኤል
ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ የፈረሶቹ ብዛት ላስቸገረው ለይሥሐቅ፤

ሰላምታዬ ከገብስ አጨዳ መካከል ይድረስህ። እጄ ላይ እሾህ፣ ጢሜ ላይ ገለባ አለ። ትርሲት ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ፤ መጨረሻውን ግን ሁለተኛ አላስነበብኳትም።

በመጀመሪያ፣ ስም የሌለው ፈረስ አይወዳደርም። ቀዩን «አባ ሽው» ብዬዋለሁ፤ ግራጫውን «አባ ቆይልኝ»። አሁን መነጋገር እንችላለን።

አባ ሽው ድምፅ የለውም ነው የምትለኝ? የማይጮህ ፈረስማ ዳኛን ያስቸግራል። ኮቴ ካልተሰማ መቼ ነው የምዞረው? እዚያ አገር ድንጋዩ ጋ የሚቆም ሰው ምን ይሠራል? ደግሞስ ስትነሣ ሆድህ ወደኋላ ከቀረ ምኑ ደስ ይላል! እኔ በአህያ ስሄድ ሆዴ አብሮኝ ነው የሚሄደው።

ስለ መነሣት ከተነሣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ትርሲትም ሰምታው አታውቅም። ዳኛ ሳልሆን፣ ጎረምሳ ሳለሁ፣ ቡላ ፈረስ ነበረኝ። እንደሱ ከቆመበት የሚወረወር ፈረስ በጌራ ምድርም በማማ ምድርም አልነበረም። ኮርቻ ላይ ስትወጣ ቀድሞ ጆሮው ይቆማል፣ ቀጥሎ ቆዳው ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ወዲያ ባርኔጣህን አታገኘውም። በዚያን ዓመት ልጃገረዶቹ ከጅረቱ ማዶ፣ መነሻው ጋ እንደሚቆሙ ሰማሁ። ብርነሽም አብራቸው እንደምትሆን እርግጠኛ ነበርኩ፤ ያኔ አያትህ አልሆነችም፣ የሰው ቤት ልጅ ናት። ስለዚህ ፈረሴን ለመነሻው ብቻ አዘጋጀሁት። ያለውን ኃይል ሁሉ ጅረቱ ጋ ጨረሰው። እንደ ጥይት ወጣሁ! ሰው ጮኸ! ግማሽ መንገድ ላይ ቡላ ዘወር ብሎ ሣር ያምረው ጀመር። አንዱ አለፈኝ፣ ሌላው አለፈኝ፣ አንድ ዲያቆን በተዋሰው ጋማ አልባ ፈረስ አለፈኝ።

ብርነሽ የቆመችው ለካ ድንጋዩ ጋ ኖሯል። ያንን ሁሉ አፈትልኮ መውጣት አንዱንም አላየችም። ኋላ ከተጋባን በኋላ «ሌሎቹማ ሽው ብለው ስላለፉ መልካቸውንም አላወቅሁት፤ አንተን ግን ቀስ ብለህ ስለመጣህ በደንብ አየሁህ» ትለኝ ነበር። ሳቋን ታስታውሳለህ? መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነው የምትስቀው።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው፦ ማን እንዲያይህ እንደምትፈልግ፣ የት እንደቆመችም ንገረኝና የትኛውን እንደምትይዝ እነግርሃለሁ።

ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሁለቱ ጓሳ ላይ ቢወጡስ? የመርሐቤቴ ቆላ ፈረስ ጓሳ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ፤ ጎኑ እንደ ወናፍ ይነፋል፣ አፍንጫው ይሰፋል፣ ባለቤቱ ወርዶ ይጎትተዋል። የአንተ ቤንዚን ጠጪ አየሩን ይችለዋል? ሳታጣራ እንዳትገዛ።

ፈንታ ትናንት ድንጋዩን ሲያጥበው አየሁት። ማለት ትርሲት አየችው። ካሁኑ የራሱ አድርጎታል። ቦራ፣ ቡኒው ፈረሳችን ግን ወፍሯል፣ ሰኮናውም ጤነኛ ነው፤ ምንይሉ የሚባለው ጎረምሳ ይጋልበዋል። የፈንታን ጥቁር ፈረስ፣ ጉራቻን፣ የሚጋልበው ልጁ ማሙሽ ነው። የሚቆመው ሰው ብቻ ነው ያልታወቀው።

መነጽሩን ተወው። የመኪኖቹን ፎቶ ላክልኝ፤ ትርሲት ታየዋለች፣ እኔ እዳብሰዋለሁ።

ጉልበትህን ያጽናልህ፣ ልብህንም ያሳርፍልህ።
አያትህ


ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎት ለአባባ፤

እንዴት ሳቅሁ መሰለዎት! ጋራዡ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሰዎቹ ጤንነቴን ጠየቁኝ።

ጥያቄዎን አጣራሁ፤ የቆላው ፈረስ ነገር ልክ ነው። ሞተር ቤንዚኑን የሚያቃጥለው በአየር ነው፤ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። ግራጫው አየር ገፍቶ የሚያስገባለት መሣሪያ ስላለው የቆላ ፈረስ ያህል አያለከልክም፤ ግን እሱም ቢሆን ይሰማዋል። ቀዩ ባትሪ ስለሆነ አየር አይፈልግም። ጓሳ ላይም ልክ ቆላ ላይ እንዳለ ሆኖ ይወረወራል።

ባለፈው እሑድ ከጋራዡ ባለቤት ጋር ሁለቱንም አንድ አሮጌ የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ አወጣናቸው። ቀጥ ያለ ሜዳ ነው፣ ዳር ዳሩ ሣር። መጀመሪያ ቀዩን ነዳሁ። እግሬን ሳሳርፍ ግራጫው ከጎኔ ጠፋ፤ በመስታወት ሳየው ትንሽ ሆኗል። እየሳቅሁ ነበር። ከዚያ መስታወቱ ውስጥ ማደግ ጀመረ። ቀስ እያለ፣ ግን ሳያቋርጥ። የማረፊያው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ነበርን፤ መንገዱ ትንሽ ቢረዝም ኖሮ ያልፈኝ ነበር። ከዚያ ተቀያየርን። ግራጫውን ስነዳ ደግሞ ቀዩ አፈትልኮ ሲሄድ አየሁና ተናደድኩ፤ መጨረሻ ላይ እንደምደርስበት እያወቅሁ እንኳ መነሻው ላይ መቀደሙን አልቻልኩትም።

እዚያ ሜዳ ላይ ቆሜ ምን ትዝ አለኝ መሰለዎት? ልጅ ሆኜ ድንጋዩ ጋ ትከሻዎ ላይ አስቀምጠውኝ፣ ጀርባዎን ለመነሻው ሰጥተው፣ እኔ ግን ዞር ብዬ ሳይ ይዘውኝ «አንተ ልጅ፣ አትይ!» ብለው ዓይኔን በጋቢዎ የሸፈኑኝ ጊዜ። ጋቢው የበግና የጭስ ሽታ ነበረው። ከሽፋኑ ሥር የኮቴው ድምፅ ሲመጣ መሬቱ በእርስዎ ትከሻ በኩል ይሰማኝ ነበር። እንደዚያ የሚሰማ ነገር እዚህ አላገኘሁም።

አባባ፣ ቀዩን ወሰድኩት። ማን እንዲያየኝ እንደምፈልግ ሳላውቅ ወሰድኩት። ይቅር ይበሉኝ። ለዘንድሮው ጥምቀት አልመጣም። መነጽሩን በሰው ልኬያለሁ።

ልጅዎ ይሥሐቅ


ጨፌ ሚካኤል
ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለይሥሐቅ፤

ደብዳቤህ ደርሶናል። አባ ሽውን ሚካኤል ይጠብቅልህ፤ ጎማውን ከእሾህ፣ አንተን ከችኮላ። መነጽሩ ደርሷል፤ ልክ ነው። ቦራ ደህና ነው። ዶሮው ተመልሷል።

ሌላ ወሬ የለም።
አያትህ


ጥር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎት ለአባባ፤

መልስዎ ገና አልደረሰኝም፤ ዛሬ ግን መጻፍ ስላማረኝ ነው። ትናንት ቀዩን ብቻዬን ይዤ ወጣሁ። የትራፊክ መብራት አረንጓዴ ሲሆን ረገጥኩት። ሦስት ሰከንድ ተኩል ሙሉ ደስ አለኝ። ከዚያ የፍጥነት ወሰኑ ደረሰ፣ ፍሬን ያዝኩ፣ ቀጣዩ መብራት ጋ ከኋላዬ የነበሩት ሁሉ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። አንዲት አሮጊት ከትንሽ መኪናቸው ውስጥ ሆነው ሰላም አሉኝ። ከዚያ ወዴት እንደምሄድ ሳስብ የምሄድበት ቦታ አልነበረኝም፤ ዞሬ ተመለስኩ።

ድንጋዩ ጋ ማን ሊቆም ነው? ጋሼ ፈንታ ከሆኑም ይንገሩኝ፤ አይደብቁኝ።

ይሥሐቅ


ጨፌ ሚካኤል
ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለይሥሐቅ፤

ጤና ይስጥልኝ፣ የመብራት ሥር ጀግና! የአሮጊቷን ነገር ስሰማ ያቺን ሴት ላገባት አሰብኩ። ትርሲት ይህን አልጽፍም ብላ ነበር፤ ጻፈችው።

አሁን ጠጋ በል፤ የሆነውን በቅደም ተከተል ልንገርህ።

በግልቢያው ዋዜማ ፈንታ አዲስ ኩታ ለብሶ መጣና «አያ ወልደ ጻድቅ፣ ክብርዎ እንዳለ ነው፤ እኔ እቆማለሁ፣ እርስዎ አጠገቤ ይቀመጣሉ» አለኝ። «እኔ እቆማለሁ፣ አንተም ቤትህ ትቀመጣለህ» አልኩት። መምሬ ኃይለ ኢየሱስ ጣልቃ ገቡና «ቢያንስ ይሞክሩ፤ ካልሆነልዎ ግን ድንጋዩ ወደ ፈንታ ቤት ያልፋል» ብለው ጨረሱት።

እኔ ደግሞ መላ ነበረኝ። ትርሲትን ክንዴን ይዛ እንድትቆም አደረግሁ፤ ለደካማ አያት ድጋፍ ነው፣ ማን ይከለክላል? ቦራ ቀድሞ ከገባ ክንዴን አንድ ጊዜ ትጨብጠዋለች፤ ጉራቻ ከሆነ ሁለት ጊዜ። እኔ በታላቅ ድምፅ እጠራለሁ። ያንተን ጥቁር መነጽር አድርጌ ቆምኩ። ለሕዝቡ ከከተማ የመጣ ባለሥልጣን መስዬ ይሆናል፤ ሁለት ሰዎች መንገድ እንዲሠራላቸው ጠየቁኝ።

ጀርባችንን ሰጠን። ከማዶ ጩኸት ተነሣ፤ መነሣታቸው ነው። ሰው ሁሉ «ቦራ! ቦራ!» ይላል። ቦራ የአባ ሽው ወንድም ሆኖ ኖሯል፤ ከጅረቱ እስከ ግማሽ መንገድ ድረስ ብቻውን ነው የመጣው አሉ። ትርሲት ግን አላየችም፤ ሕጉን ጠብቃ እንደ እኔ ዓይኗን ቤተ ክርስቲያኑ ላይ ተክላ ነበር። እኔ ቦራ ሲባል ስሰማ በልቤ መጥራት ጀምሬያለሁ። አፌ ተከፍቶ ነበር፣ ልደብቅህ አልችልም።

ኮቴው ቀረበ። መሬቱ በእግሬ ገባ። ዞርን። እኔ አንድ ጥቁር ነገርና አንድ ቡኒ ነገር አየሁ፤ ከዚያ ነፋስ። የእጇን ጭብጥ ስጠብቅ እህትህ ምን አደረገች መሰለህ? ክንዴን ለቀቀችና፣ እጇን ወደ ላይ አንሥታ፣ ሜዳው እስኪሰማ «ጉራቻ!» ብላ ጠራች።

ሴት ድንጋዩ ላይ ጠርታ አታውቅም። ደግሞም በገዛ ቤቷ ፈረስ ላይ ነው የፈረደችው።

ሁሉም ወደ ፈንታ ዞረ። አሁን የፈንታን መከራ ተመልከት! «ሴት አትዳኝም» ካለ ልጁ ማሙሽ በጉራቻ ያገኘው ድል ይፈርሳል፤ ሩጫው እንደገና ይደረጋል፣ ቦራ ደግሞ አርፎ ይመጣል። «ትዳኛለች» ካለ ድንጋዩ ከእኛ ቤት አይወጣም። አዲሱን ኩታውን አጣፋ፣ ፈታ፣ እንደገና አጣፋ። ልጁ ከፈረሱ ላይ ሆኖ «አባዬ፣ ኧረ አንድ ነገር ይበሉ!» አለው። መምሬ ኃይለ ኢየሱስም መስቀላቸውን ይዘው በለሰለሰ ድምፅ «ፈንታ፣ ፍርዱን ትቀበላለህ?» አሉት።

«እ... ቀድሟልማ» አለ።

«ማን ቀደመ?»

«ጉራቻዬ።»

«ማን ጠራው?»

«የወልደ ጻድቅ ልጅ» አለ።

አለቀ! አንዴ የተጠራ አይመለስም፤ የጠራው ቤትም ድንጋዩን ይዞ ይቀራል። ሴቶቹ እልል ሲሉ ቦራ ራሱ ዞር ብሎ አያቸው። ምንይሉ ከፈረሱ ወርዶ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር፤ «አይዞህ፣ መነሻው ላይ የቆመች ልጅ ካለች አይታሃለች» አልኩት።

ትርሲትን ወደ ቤት ስንመለስ «ለምን አልጨበጥሽኝም?» ብዬ ጠየቅኋት። «ብጨብጥዎት ቦራ ሊሉ ነበር» አለችኝ። እንዴት እንዳወቀች አልጠየቅሁም። አያትህ ብርነሽም እንዲሁ ታውቀኝ ነበር።

ድንጋዩ ከእንግዲህ የእሷ ነው። አንተ እንዳትቸገር ነው የምነግርህ፤ የምትመጣ ከሆነ ለመቆም ሳይሆን ለማየት ትመጣለህ። ጀርባህን ሰጥተህ ከጎኔ ትቆማለህ። አባ ሽውን ይዘህ መምጣት አትችልም እንጂ፣ ጓሳ ላይ ትንፋሽ ሳያጥረው ሲሮጥ ማየት ነበረብን።

ከሜዳው ስንበተን ፈንታ የጉራቻውን አንገት እያሻሸ ወደ እኔ መጣና «አያ፣ ያ ይሥሐቅ መቼ ነው የሚመጣው? ለሚመጣው ጥምቀትስ ይደርሳል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም «አላውቅም» አልኩት።

እዚህ ላይ ትርሲት ብዕሩን አስቀምጣለች። ከዚያች ቀን ወዲህ ቤት ውስጥም ዳኛ ሆናብኛለች። «አባባ፣ እኔ አጠገብዎ ነበርኩ፤ ጋሼ ፈንታ እንዲህ አላሉም» ትለኛለች። ትንሽ ተከራከርኳት፤ አልሆነም።

እሺ፣ ጻፊው አልኳት። ሌላው ሁሉ በሚካኤል ስም እውነት ነው፣ መንገድ እንዲሠራላቸው የጠየቁኝ ሰዎችም ጭምር። ፈንታ ግን ስለ ፈረሱ እንጂ ስለ አንተ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ያችን እኔ ነኝ የፈጠርኳት። ጠያቂው እኔ ነኝ።

አያትህ ወልደ ጻድቅ